ስኳር የተውኩ ሰሞን

ወንበሩ የተሰበረው ለቅሶ ቤት ነው። ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር አንድ ሽማግሌ ሞተው ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሟቹን በመልክ እንጂ በቅርብ አላውቃቸውም፤ የሄድኩት የእድራችን አባል ስለነበሩ ብቻ ነው። ጥግ ፈልጌ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ አራቱም እግሮቿ በአራት አቅጣጫ ተከፈቱና መሬት ላይ ተዘረጋሁ። የፈራሁት ሳቅ ነበር፤ የመጣው ግን ልቅሶ ነው። የሟች ሴት ልጅ ሐዘን የጣለኝ መስሏት እየጮኸች መጥታ ላዬ ላይ ወደቀች። ውኃ ረጩብኝ። ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝና አንተ እንዲህ ከሆንክ ቤተሰቡ ምን ይሁን፣ በርታ እንጂ አሉኝ። አፍሬ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ፤ ይሄኔ አብረውኝ ያለቀሱ አሉ። እስከ ዛሬ የዚያ ቤት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ወንበሩን የሰበረው ሐዘን እንዳልሆነ ግን እኔ አውቃለሁ። የሱሪዬ ቁልፍ ከተዘጋ ወራት አልፈውታል፤ በቀበቶ ነው የማቆመው። የጫማዬን ክር ለማሰር ሳጎነብስ ትንፋሼ ይቆራረጣል። በሳምንቱ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ቁጥሩን አየች፤ ሚዛኑ የተሳሳተ መስሏት አስወርዳ እንደገና አወጣችኝ። ከዚያ ተቀመጠችና ምን እንደምጠጣ ጠየቀችኝ።

«አልጠጣም ሲስተር» አልኳት። ከጠላም ከአረቄም ርቄ የኖርኩ ሰው ነኝና በኩራት ነበር የመለስኩላት።

«መጠጥ አላልኩም። ከጠዋት እስከ ማታ በአፍዎ የሚገባውን ፈሳሽ ሁሉ ነው ያልኩት» አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

ጻፍኩ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ደግሞ ሙቀት ስለሆነ አንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ። ረፋድ ላይ መጋዘናችን አጠገብ ካለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ወተት በሻይ። በምሳ ሰዓት ሌላ ለስላሳ፣ ምግቡን እንዲያወርድልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማንጎና የአቮካዶ ስፕሪስ፤ እሱንማ ፍራፍሬ ነው ብዬ እንደ መድኃኒት ነበር የማየው። ወደ ማምሻው ደሴ ስመለስ ብርዱ እንደገና ይቀበለኛል፤ ስለዚህ ከጎረቤቴ ጋር ሻይ እጠጣለሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ በራቸው ላይ ባለች አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል። የእሳቸው ብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል፤ ለእኔም ከፍቅር የተነሣ አራት ያደርጉልኛል። ጽፌ ስጨርስ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ደርሻለሁ።

ነርሷ ሁለቱንም ገጽ አነበበች። እንጀራውን ለጊዜው አይንኩት፣ ከብርጭቆው ይጀምሩ አለችኝ። ውኃ፤ ሻይና ቡና ያለ ስኳር፤ ወተትም ከሆነ እንዳለ፤ ፍራፍሬውን ይብሉት እንጂ አያስጨምቁት። ይኸው ነው። ቀላል መስሎኝ ተደስቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ኮምቦልቻ ሻይ ሻጯ ዘንድ ሄድኩ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ማንቆርቆሪያዋን ጥዳ የምትሠራ የእኔ እኩያ ናት፤ ሳልነግራት ነው ብርጭቆዬን የምታነሣው። ስኳሩን ቀድታ ልትጨምር ስትል ያለ ስኳር ስጪኝ አልኳት። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስኳር ያዘህ?» አለችኝ።

«ኧረ አልያዘኝም፣ ተውኩት እንጂ።»

«አዎ፣ እንዲህ ነው የሚያስተዉት» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ክፋቱ በሽታውም ስኳር፣ የሚበላውም ስኳር መባሉ ነው። ስኳር የለኝም ብላት እውነት ነው፤ ስኳር ተውኩ ብላትም እውነት ነው፤ እሷ ግን አንዱን ብቻ ነው የምትሰማው። በማግሥቱ ስሄድ ለእኔ ብቻ የተለየች ብርጭቆ ከሌሎቹ ራቅ አድርጋ አስቀምጣ፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሥራባት ጠበቀችኝ። በሽታው ይተላለፋል ብላ ይሁን ወይስ ክብሬን ለመጠበቅ፣ አልጠየቅኳትም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሐረጎን ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ከጋቢና ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት «አይዞሽ፣ ስንቱ ከስኳር ጋር ኖሯል» ብላ አቅፋት እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ከእኔ የምትደብቀው ነገር አለ ወይ ብላ አፈጠጠችብኝ። የሱሪዬን፣ የወንበሩን፣ የነርሷን ነገር ከመጀመሪያው ዘርዝሬ አስረዳኋት። አመነችኝ፤ ግን ማታ ስተኛ እግሬን ገልጣ ቁስል እንዳለው ስታይ ያዝኳት።

ቅዳሜ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። በእኛ አገር ሕመምተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ስለዚህ የመጣው ሁሉ ለስላሳ፣ ማልት፣ የታሸገ ጭማቂ ይዞ መጣ። ነርሷ በወረቀቱ ላይ የሰረዘችብኝ ሁሉ በካርቶን በካርቶን እየሆነ በደጄ ገባ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቁም ሣጥን ላይ፣ ቀጥሎ አልጋ ሥር፣ በመጨረሻ መታጠቢያ ቤት ደረደረችው። አንዷን ሴትዮ ስኳር ይዞታል ላላችሁት ሰው ይህን እንዴት ታመጣላችሁ ብዬ ጠየቅኳት። ምንም አልተደናገጠችም፤ ስኳሩ ለሚወርድብህ ቀን ነው አለችኝ። እስኪወርድብኝ ድረስ ደግሞ ለሚመጣው ጠያቂ ከዚያው እየተከፈተ ይቀርባል። ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠው ለስላሳ እየጠጡ በሐዘኔታ ያዩኛል፤ እኔ ውኃዬን ይዤ እየተጎነጨሁ አጽናናቸዋለሁ።

ለስላሳ ያላመጣ መድኃኒት አመጣ። አክስቴ በአምስት ሊትር ጀሪካን ጸበል ይዛ መጣችና ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ጆግ እንድጠጣ አዘዘችኝ፤ ከመጣው ሁሉ የነርሷን ምክር የመሰለው የእሷ ነው። የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው ባለቤት ማር ያልገባበት አብሽ በትልቅ ሳህን መትታ አጥሩን ተሻግራ መጣች። በየሶላቱ ዱዓ እንደምታደርግልኝም ነገረችኝ። መጋዘናችን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ የደጋን ከተማ ሰው ደግሞ የግመል ወተት ከቆላ አስመጣልኝ። «ወላሂ በሦስት ቀን ያነሣሃል» አለኝ። ሦስት ቀን አልፈጀበትም፤ በየሩብ ሰዓቱ አነሣኝ። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ ይሄኔ መታጠቢያ ቤት ከተደረደሩት ካርቶኖች ጋር በደንብ ተዋወቅኩ።

በዚህ ሁሉ መሀል ሳላስበው አንድ ነገር ሆነ፤ መክሳት ጀመርኩ። ሱሪዬ ተቆለፈ። ቆይቶ ደግሞ መውረድ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስደስተኝ ነበር። አሁን ግን በጉንጬ የጎደለውን ሁሉ ሰው ይቆጥርብኛል። የኮምቦልቻዋ ሻይ ሻጭ ስታየኝ በልቶ ጨረሰው እኮ እያለች ለሌላው ስትነግር ሰማኋት። ከከሳሁ ታምሜአለሁ፣ ከወፈርኩ ወንበር እሰብራለሁ፤ መሀል ላይ የሚቆም ነገር አጣሁ።

አንድ ሰው ብቻ ሊጠይቀኝ አልመጣም፤ አባባ። ሻዩን ትቻለሁ ያልኳቸው ማታ ብርጭቆዬን አነሡና ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ የእኔንም ደርበው ጠጡት። በሚቀጥሉት ማታዎች እኔ ባዶ እጄን፣ እሳቸው ብርጭቆአቸውን ይዘው ስለ ዝናብና ስለ ልብስ ጨርቅ ብቻ እያወራን እንቀመጣለን። ተቀይመውኛል ብዬ አሰብኩ።

ደም ለመመርመር ወሰንኩ። ተመረመርኩ፤ ውጤቱ ንጹሕ ነው። ወረቀቱን በላስቲክ አሳሽጌ ደረት ኪሴ ውስጥ እይዝ ጀመር፤ የሚያዝንልኝ ሰው ሲመጣ አውጥቼ አሳያለሁ። የእድራችን ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አነበቡት። አጥፈው መለሱልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለሕመምተኛው ሁሉንም እንደማይነግሩት፣ እሳቸው ራሳቸው ወንድማቸው ሲታመም እንዲሁ ባዶ ወረቀት እንዳሳዩት ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያሳየሁት ሰው ሁሉ ይበልጥ ሲያዝንልኝ ስላየሁ ተውኩት።

ትዕግሥቴ ያለቀው የእድር ስብሰባ ላይ ነው። እሑድ ከሰዓት ነው። መደበኛው ጉዳይ አለቀና ዳኛው ጉሮሮአቸውን ጠርገው የወንድማችን ነገር አሉ። አንዱ ጸበል ቦታ እንውሰደው አለ፤ ሌላው አዲስ አበባ ጥሩ ሐኪም አለ አለ። እኔ እዚያው ተቀምጬ እያለሁ እንደሌለሁ ነው የሚነጋገሩት። ተነሣሁ። ምንም አላመመኝም፣ ካላመናችሁ ለስላሳ አምጡና እፊታችሁ ልጠጣው አልኩ። ዳኛው ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ። በመጨረሻ አንድ ሰው ሄዶ ጠርሙስ አምጥቶ ከፈተልኝ።

ለስላሳ ከቀመስኩ ሁለት ወር ተኩል ሆኖኛል። ቶሎ ለመገላገል ጠርሙሱን ወደ ላይ አድርጌ ገለበጥኩት። እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር እድሜ ልኬን እንዴት እንደጠጣሁ እግዜር ይወቅ። ጣፋጩ ምላሴ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ፣ ጋዙ በአፍንጫዬ ወጣ፣ ትንታ ያዘኝ። ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ፤ ጎንበስ ብዬ ስስል ጠርሙሱ ከእጄ ወደቀ። ከኋላዬ አንዲት ሴት በስመ አብ አለች፤ ከጎኔ አንዱ ያረቢ አለ። ሁለት ሰው ጀርባዬን ይመታል፣ አንዱ ኮሌታዬን ይከፍታል። አልታመምኩም ልል አፌን ስከፍት የወጣው ግሳት ነው።

አባባ ከመጨረሻው አግዳሚ ተነሡ። «ተዉት፣ ልጄን አታንገላቱት» አሉና ክንዴን ይዘው አወጡኝ።

ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። እኔ እያሳለኝ፣ እሳቸው ክንዴን ሳይለቁ። ግማሽ መንገድ ላይ የአንድ ሰው አጥር ተደግፈው ቆሙና ግራ ቀኝ አዩ።

«በሽተኛው እኔ ነኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ስኳር ከያዛቸው አምስት ዓመት እንደሞላቸው፣ ኪኒናቸውን በስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎች ሥር እንደሚደብቁት፣ ባለቤታቸውም እንደማታውቅ ነገሩኝ። የከተማውን ሰው ወገብ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰው እሳቸውን ሲለካቸው ማየት አልፈለጉም። በሠርግ ቤት ይህ ለእርስዎ አይሆንም መባልን፣ በየቤቱ መጠየቅን፣ መታዘንን ፈሩ። እኔ ላይ የደረሰውን ሲያዩ ደግሞ መደበቄ ደግ ነበር አሉ በልባቸው። ታዲያ ያ አራት ማንኪያ ስኳርስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ኪኒናውን የሚውጡት በእሱ እንደነበር አልሸሸጉኝም፤ አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ያወርዳል፣ እኩል ይመጣሉ ብለው ነበር። ሰሞኑን ግን እግራቸው ይደነዝዛቸዋል፤ ዓይናቸውም መርፌ ውስጥ ክር አልገባ ብሏቸዋል።

«ነገ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንሂድ» አልኳቸው።

«እሄዳለሁ። ሻዩንም እተዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉና ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «አንተ ብቻ ትንሽ ጊዜ በሽተኛ ሁንልኝ።»

ሐሳባቸው ይህ ነበር። እኔ ከታመምኩ እሳቸው ማታ ማታ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ እኔ ቤት ሻይ ያለ ስኳር ነው፤ በሽተኛ ቤት የቀረበለትን የጠጣ ሰው ለምን ያለ ስኳር ጠጣህ አይባልም። ሆስፒታልም እኔን አጅበው ይሄዳሉ። ኪሴ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወረቀት ደረቴን ይኮሰኩሰኛል። አሥር ሳምንት ሙሉ አልታመምኩም ስል ኖሬ አሁን ታምሜአለሁ ልበል? ለራሴ ተናደድኩ። ከዚያ ግን ዓይናቸውን ሳይ እሺ አልኩ። ለባለቤቴ ብቻ እንድነግር አስፈቀድኳቸው።

በማግሥቱ የእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ አግኝተው እንዴት ነህ አሉኝ። ደህና ነኝ፣ እየታከምኩ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የወጣውን እፎይታ ልገልጸው አልችልም። ልጅ የተወለደላቸው ነው የመሰሉት። ተቀብሎታል የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ደሴን አዳርሶ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ጠያቂውም፣ ካርቶኑም፣ የግመል ወተቱም ቆመ። አላመመኝም ስል እንቅልፍ የነሡኝ ሰዎች አዎ ስላቸው በሰላም ተዉኝ። የኮምቦልቻዋ ሻይ ሻጭ ክሩን ከብርጭቆዬ ፈታችው። እንዲያውም ሁለት ሾፌሮች እንደ እሱ አድርጊልን ብለው ያለ ስኳር ማዘዝ መጀመራቸውን ነገረችኝ፤ አንዱ ምን እንደያዘው ስትጠይቀው ቦርጭ ብቻ ነው ብሎ ነበር፣ አላመነችውም።

አባባ በየማታው እኛ ቤት መጡ። ባለቤቴ ሻዩን በቅርንፉድና በቀረፋ አፍልታ፣ ዝንጅብል ጨምራ ታቀርብልናለች። የመጀመሪያውን ሳምንት መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት። በሁለተኛው ቀረፋው በዛ፣ ቅርንፉዱ አነሰ ማለት ጀመሩ፤ ይሄኔ እንደለመዱት አወቅሁ።

ቦሩ ሜዳ በየወሩ መመላለስ ያዝን። ሐኪም ቤቱ ውስጥ በሽተኛው እሳቸው፣ ሚኒባሱ ውስጥ በሽተኛው እኔ ነኝ። እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ከኋላ ካርዱን በኮታቸው ደብቀው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ገበያ የምትሄድ እናት እሳቸውን ስትመርቅ ሰማሁ። ለጎረቤት እንዲህ የሚደክም ሰው ዛሬ የት ይገኛል፣ አላህ እድሜዎትን ያርዝመው አለች። አባባ ምንም ሳይሰቀጥጣቸው «አሚን። ምን ይደረግ፣ ብቻውን አይችልም» አሉ። በመስኮቱ ወደ ገብሱ ማሳ ዞርኩ።

ነገሩ የወጣው በአራተኛው ወር ነው። ባለቤታቸው ኮቱን ልታጥብ ስትል ካርዱን አገኘችው፤ ማንበብ ባትችልም የልጇ ልጅ አነበበላት፣ የእኔ ሳይሆን የባሏ ስም ነው። እኔ የዚያን ዕለት ግቢዬ ውስጥ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። በሩ ተከፈተና ባልና ሚስቱ ተከታትለው ገቡ፤ እሳቸው ከኋላ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ከፊቴ ቆማ ስድስት ወር ሙሉ በአምስቱም ሶላት ስሜን ጠርታ እንደለመነችልኝ፣ አንድም ቀን እንዳልዘለለች በዝርዝር ነገረችኝ። አብሹን ብታጣ ግድ እንደሌላት፣ እንዲያ ያለውን ሁሉ ዱዓ ግን ላልታመመ ሰው ማፍሰሷ እንዳቃጠላት ተናገረች።

«ያደረግኩልህን ለሱ መልስልኝ» አለችኝ።

እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም አልኳት፤ እኔም በሃይማኖቴ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። እሷም አታውቅም። ወደ ባሏ ዞራ ብታያቸው እሳቸውም አያውቁም። በመጨረሻ እሷው መላ አገኘች። ባሏን በክንዳቸው ጎትታ ከጎኔ አቆመቻቸውና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። የዚያን ሁሉ ጊዜ ልመና አንድ በአንድ እያነሣች፣ ለጎረቤቴ ያልኩት ለዚህ ለደባቂው ይሁንልኝ ማለት ጀመረች። ዓይኑን፣ እግሩን፣ ደሙን ጠራች። አባባ እጃቸውን ከፍተው እንባቸውን ሳይጠርጉ አሚን ይላሉ። እኔ አንድ እግሬን ሳፋው ውስጥ እንደነከርኩ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ እንደሰበሰብኩ፣ ከሷ የመጣውን ሁሉ ወደሳቸው እያሳለፍኩ አብሬ አሚን አልኩ።